ዘር ከልጓም ይስባልን? ረሃብና ውፍረት በአባት ዘር ሕዋስ ላይ ስለሚተዉት ምልክት ታሪካዊ ዳሰሳ

አዘዞ ከጎንደር መሀል ከተማ በስተደቡብ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። ዛሬ የጎንደር ከተማ አካል ስትሆን የአውሮፕላን ማረፊያው፣ የጦር ሰፈሩ፣ እንዲሁም ወደ ባሕር ዳርና ወደ መተማ የሚወስዱት መንገዶች መለያያ ናት። ጎንደር ከመቆርቆሯ በፊት ግን አዘዞ ራሷ የንጉሥ ማረፊያ ነበረች። ከ1607 እስከ 1632 የነገሡት አፄ ሱስንዮስ ገነተ ኢየሱስን በዚያ አሠሩ፤ በ1632 ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀው በዚያው ዓመት ሲያርፉም የተቀበሩት በገነተ ኢየሱስ ነው። አፄ ፋሲለደስ የአባታቸውን ዙፋን ወረሱ፤ አባታቸው ያስገቡትን የካቶሊክ እምነት ግን አላስቀጠሉም። በ1636ም ጎንደርን ቆረቆሩ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት “ዓ.ም.” ካልተባሉ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አባት ለልጁ ምን ያወርሳል የሚለው ጥያቄ በዚህ አገር የዙፋን፣ የርስትና የስም ጥያቄ ሆኖ ኖሯል። “ዘር ከልጓም ይስባል” የሚለው ብሂል ደግሞ መልሱን አስቀድሞ የሰጠ ይመስላል፤ ሰው የቱንም ያህል ቢገራ፣ ትውልዱ ወደ ራሱ ይስበዋል ይላልና። የሕክምና ሳይንስ ባለፉት ጥቂት አሥርት ዓመታት ይህንኑ ጥያቄ በሌላ መንገድ አንሥቶታል። አባት ልጁ ከመፀነሱ በፊት የተራበ ወይም ከመጠን በላይ የወፈረ እንደሆነ፣ ይህ ሁኔታው በዘር ሕዋሱ ተሸጋግሮ የልጁን ጤና ይነካልን? የሚነካስ ከሆነ፣ ምልክቱ የማይፋቅ ዕጣ ነው ወይስ ሊቃና የሚችል ሁኔታ?

የጎንደር ደጋ ለዚህ ጥያቄ ባዕድ አይደለም። በረሃብ የተፈተነ ሕዝብ፣ ከሲታ ሆኖ የስኳር በሽታ የያዘው ገበሬ፣ በቅርብ ዓመታት ደግሞ ቦርጭ ያወጣ የከተማ ነዋሪ በአንድ ጤና ጣቢያ ደጃፍ የሚገናኙበት አካባቢ ነው። ይህ ጽሑፍ ዕውቀቱ ያለፈባቸውን ደረጃዎች በቅደም ተከተል ከዳሰሰ በኋላ ለጤና ባለሙያው የዕለት ሥራ ያለውን ፋይዳ ያመለክታል።

የአባት ድርሻ የተዘነጋበት ዘመን

እንግሊዛዊው ሊቅ ኮንራድ ዋዲንግተን በ1942 ዘረ-መልና የአካል ዕድገት የሚገናኙበትን የጥናት መስክ “ኤፒጄኔቲክስ” ብሎ ሰየመው። በኋላ ዘመን ቃሉ የተወሰነ ትርጉም ያዘ። የዲ.ኤን.ኤ. ፊደላት ቅደም ተከተል ሳይለወጥ፣ የትኛው ዘረ-መል እንደሚሠራና የትኛው ዝም እንደሚል የሚወስኑ ኬሚካዊ ምልክቶች ሁሉ በዚህ ስም ይጠቀሳሉ። መጽሐፉ ያው ሆኖ፣ የሚነበበው ገጽና የሚታለፈው ገጽ ይለያያል እንደ ማለት ነው።

የመጀመሪያው ትኩረት በእናት ላይ ነበር። በእንግሊዝ አገር የሳውዝሃምፕተኑ ዴቪድ ባርከርና ባልደረቦቹ በ1989 ባወጡት ጥናት፣ በሃርትፈርድሻየር ከተወለዱ ወንዶች መካከል በሕፃንነታቸው ክብደታቸው አነስተኛ የነበረው በጎልማሳነት በልብ በሽታ የመሞት ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑን አሳዩ። በ1992 ባርከርና ኒኮላስ ሄልስ ሐሳቡን ወደ ስኳር በሽታ አስፋፉት። በማሕፀን ሳለ ምግብ ያነሰው ጽንስ ጥቂቱን አብቃቅቶ ለመኖር ይዘጋጃል፤ በኋላ ጥጋብ ሲመጣ ግን ያ ዝግጅት ራሱ ይጎዳዋል የሚል ነው። በ1944 እና 1945 የክረምት ወራት ሆላንድን ያጠቃው ረሃብ ለዚህ ሐሳብ ዋና ማስረጃ ሆነ። በ2008 ባስ ሄይማንስና ባልደረቦቹ በዚያ ረሃብ መጀመሪያ የተፀነሱ ሰዎችን ደም መርምረው፣ ከስድሳ ዓመታት በኋላ እንኳ አይ.ጂ.ኤፍ.2 በተባለው የዕድገት ዘረ-መል ላይ ያለው የሜቲል ምልክት ረሃቡ ካልደረሰባቸው ወንድሞቻቸውና እኅቶቻቸው ያነሰ ሆኖ አገኙት።

በዚህ ሁሉ ውስጥ አባት አልተጠቀሰም። ምክንያት አልታጣለትም። የወንድ ዘር ሕዋስ እጅግ ትንሽ ነው፤ ዲ.ኤን.ኤ.ውም ጥብቅ ብሎ የታሸገ ነው። ከፅንሰት በኋላም አብዛኛው ምልክት እንደሚፋቅ ይታወቃል። ስለዚህ አባት ዘረ-መሉን አድርሶ የሚመለስ መልእክተኛ ብቻ ተደርጎ ተቆጠረ። ይህ የሳይንስ አስተያየት ከማኅበረሰቡ ልማድ ጋር ገጠመ። ልጅ ሲታጣ ሚስት “መካን” ትባላለች፤ ልጅ ታሞ ሲወለድም የምትጠየቀው እርሷ ናት።

የጎንደር ደጋ ምስክርነት

የጎንደር ሕዝብ የረሃብ ታሪክ ረጅም ነው። በ1888 የማሕዲ ሠራዊት ጎንደርን አቃጠለ፤ ከዚያው ዓመት እስከ 1892 የዘለቀው “ክፉ ቀን” በሰዉ ላይ ተደራረበ። ከውጭ በመጣ የከብት በሽታ ምክንያት የአገሪቱ የቀንድ ከብት እስከ 90 በመቶ እንዳለቀ የታሪክ ጸሐፊዎች ይገምታሉ። በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ፤ እርሻ ሲቆም እህል ጠፋ። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1977 ዓ.ም. ድርቅ፣ ከወሎና ከትግራይ ጋር የጎንደር ደጋ ወረዳዎችም ተጎዱ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ጃናሞራን የመሰሉ የሰሜን ጎንደር ወረዳዎች በድርቅ ተመትተዋል።

በዚሁ አካባቢ በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተቋቋመ። ከምሥረታው ቀደም ብሎ በ1953 በደምቢያ ሜዳ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሺሕ ሰዎችን ፈጅቶ ስለነበር፣ ኮሌጁ ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በቡድን አሠልጥኖ ወደ ገጠር መላክን ዓላማው አደረገ። በ1978 ከላይፕሲግ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ትብብር የሐኪሞች ትምህርት ተጀመረ፤ ተቋሙም በ2004 የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተባለ።

ወደ ሆስፒታሉ ከሚመጡት የገጠር ሕሙማን መካከል ሐኪሞችን ግራ ያጋቡ ነበሩ። ወጣት፣ አብዛኛውን ጊዜ ወንድ፣ እጅግ ከሲታ፣ ያለ ኢንሱሊን ሕይወቱ የማይቀጥል፣ ነገር ግን ከመጻሕፍቱ ሁለት ዓይነቶች ውስጥ በትክክል የማይገባ የስኳር ሕመምተኛ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ1985 ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ የስኳር በሽታን ራሱን የቻለ ክፍል አድርጎ መደበው። በአዲስ አበባ ጀማል አብዱልቃድርና ባልደረቦቻቸው በ1990 በእንዲህ ያሉ ኢትዮጵያውያን ሕሙማን ላይ ያደረጉትን የሆርሞን ጥናት አሳተሙ። ሆኖም ድርጅቱ በ1999 ማስረጃው በቂ አይደለም በሚል ክፍሉን ከዝርዝሩ አወጣው።

ጉዳዩን እንደገና ያነሣው ጎንደር ነው። ዶክተር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው በ2009 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ በገጠር ኢትዮጵያ የሚታየው ኢንሱሊን ፈላጊ የስኳር በሽታ የምግብ እጥረቱን ጉዳይ እንደገና እንድንከፍተው ያስገድደናልን? ሲሉ ጠየቁ። በ2010 የወጣው የጎንደር ንጽጽራዊ ጥናት በሽታው ከድህነት፣ ከገጠር ኑሮና ካለመማር ጋር እንደሚያያዝ አሳየ። ሕሙማኑ አጠር ያሉ፣ የሰውነት ክፍሎቻቸው ምጣኔም የተዛባ ነበር፤ ይህም የሕፃንነት ረሃብ በአጥንት ላይ የጻፈው ታሪክ ነው። ከጥናቱ ተባባሪዎች አንዱ የነበሩት ዴቪድ ፊሊፕስ በሳውዝሃምፕተን ከባርከር ጋር የሠሩ ተመራማሪ ናቸው። ስለዚህ የሃርትፈርድሻየር ሐሳብና የጎንደር ገበሬ በአንድ ጥናት ላይ ተገናኙ ማለት ይቻላል።

የጎንደር ተመራማሪዎች ግን በአንድ ማብራሪያ አልረኩም። በ2020 የታተመ የበሽታ መከላከልና የዘረ-መል ጥናት፣ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ በአማራ ሕሙማን ዘንድ ከሚታየው ኢንሱሊን ፈላጊ የስኳር በሽታ ጉልህ ክፍል ሰውነት ቆሽቱን በራሱ የሚያጠቃበት፣ አንደኛው ዓይነት መሆኑን አመለከተ። በኤፕሪል 2025 በባንኮክ ጉባኤ የዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን በሽታ “አምስተኛው ዓይነት” ብሎ ዕውቅና ሰጠው። በሰሜን ወሎ ራያ ቆቦ የተደረጉ ጥናቶችም በ1977ቱ ረሃብ ወቅት በእናታቸው ማሕፀን የነበሩ ሰዎች ካደጉ በኋላ የደም ግፊትን፣ የስኳርንና የስብን መዛባት አጣምሮ ለያዘው የጤና ችግር ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸውን አሳይተዋል።

እነዚህ ጥናቶች የለኩት የሕሙማኑን ቁመት፣ ደምና ኑሮ ነው፤ የአባቶቻቸውን ዘር ሕዋስ አይደለም። ይሁን እንጂ አንድ ነገር አጽንተዋል። ረሃብ ካለፈ በኋላም በሰውነት ውስጥ ይቆያል። ቀጣዩ ጥያቄ ይህ ቆይታ በእናት ማሕፀን ብቻ ነው ወይስ በአባትም በኩል ይተላለፋል? የሚል ነው። መልሱ መታየት የጀመረው ከሌላ ሩቅ ገጠር ነው።

የኦቨርካሊክስ መዝገብ

ኦቨርካሊክስ በሰሜን ስዊድን፣ ከአርክቲክ ክበብ አጠገብ የምትገኝ ደብር ናት። በ19ኛው መቶ ዘመን መንገድ አልነበራትም፤ አዝመራ ሲከሽፍ ሕዝቡ ይራባል፤ አዝመራ ሲሰምር ይጠግባል። የደብሩ ቀሳውስት ልደትንና ሞትን፣ ሹማምንቱ ደግሞ የአዝመራውንና የእህል ዋጋን ሁኔታ በትጋት መዝግበው ነበር። ላርስ ኦሎቭ ቢግረን፣ ጉናር ካቲና እንግሊዛዊው ማርከስ ፔምብሬይ በ1890፣ በ1905 እና በ1920 የተወለዱ የደብሩን ልጆች ከአያቶቻቸው የልጅነት ዘመን አዝመራ ጋር አመሳከሩ።

በ2002 የታተመው ውጤት ያልተጠበቀ ነበር። የአባት አባት ከጉርምስና በፊት ባሉት ዓመታት፣ ማለትም በ9 እና በ12 ዓመት ዕድሜ መካከል፣ በጥጋብ ዘመን ያደገ እንደሆነ የልጅ ልጆቹ በስኳር በሽታ የመሞት ዕድል አራት እጥፍ ያህል ከፍ ብሎ ተገኘ። በ2006 የወጣው ተጨማሪ ጥናት ደግሞ የአባት አባት የምግብ ሁኔታ ከወንድ የልጅ ልጆች ዕድሜ፣ የአባት እናት ሁኔታ ከሴት የልጅ ልጆች ዕድሜ ጋር እንደሚያያዝ አመለከተ። የጎዳው ረሃብ ሳይሆን ጥጋብ ሆኖ መገኘቱን አንባቢ ልብ ይለዋል።

የናሙናው ማነስ ብዙ ተቺዎችን አስነሥቷል። በ2018 ዴኒ ቫገሮና ባልደረቦቹ እጅግ በሰፋ የኡፕሳላ መዝገብ ላይ ጥያቄውን ደገሙት። የአባት አባት ጥጋብ ከወንድ የልጅ ልጆች አጠቃላይ ሞት ጋር መያያዙ ተረጋገጠ፤ በስኳር በሽታ ሞት ላይ የታየው ግንኙነት ግን አልተደገመም። እንግዲህ ታሪኩ ፈጽሞ አልወደቀም፤ እንደ ተነገረውም ሁሉ አልጸናም።

በዘር ሕዋሱ ውስጥ የሚሆነው

ለኦቨርካሊክስ ዓይነቱ ታሪክ አካላዊ መንገድ ያስፈልገዋል። የወንድ ዘር ሕዋስ በቆለጥ ውስጥ ተጀምሮ እስኪበስል 74 ቀን ያህል ይፈጅበታል፤ ከዚያም ከቆለጡ ጀርባ ባለው ጥምዝምዝ ቱቦ፣ በኤፒዲዲሚስ፣ ሲያልፍ የመዋኘትና የማዳቀል ችሎታውን ያገኛል። በዚህ ጉዞ ሦስት ዓይነት ኤፒጄኔቲክ ምልክቶች ይቀረጹበታል።

አንደኛው ሜቲል ነው። በዲ.ኤን.ኤ. ላይ የሚለጠፍ ትንሽ ኬሚካል ሲሆን ብዙውን ጊዜ ዘረ-መልን ዝም ያሰኛል። ከፅንሰት በኋላ አብዛኛው ሜቲል ይፋቃል፤ ዳሩ ግን እንደ አይ.ጂ.ኤፍ.2 ያሉ የወላጅ ማኅተም ያለባቸው ዘረ-መሎች ከመፋቅ ያመልጣሉ። ሁለተኛው የዲ.ኤን.ኤ. አስተሻሸግ ነው። በሌሎች ሕዋሳት ዲ.ኤን.ኤ. ሂስቶን በተባሉ ፕሮቲኖች ላይ ይጠቀለላል፤ በዘር ሕዋስ ግን አብዛኞቹ ሂስቶኖች ወጥተው በፕሮታሚን ይተካሉ። በ2009 በሰው ላይ የተደረገ ጥናት ጥቂቶቹ ሂስቶኖች እንደሚቀሩ፣ የሚቀሩትም ለጽንስ ዕድገት ወሳኝ በሆኑ ዘረ-መሎች አጠገብ መሆኑን አሳየ። ሦስተኛው በዘር ሕዋሱ ተጭነው ወደ እንቁላል የሚገቡ ጥቃቅን አር.ኤን.ኤ.ዎች ናቸው።

ውፍረት እነዚህን ሁሉ በብዙ በር ይነካል። ትርፍ ስብ ቴስቶስትሮንን ወደ ኤስትሮጅን ይለውጣል፤ በጭንና በታችኛው ሆድ ዙሪያ የሚከማቸው ስብ የቆለጥን ሙቀት ከፍ ያደርጋል፤ በሰውነት ውስጥ የሚጨምረው ኦክሲጅን ወለድ ጉዳትም የዘር ሕዋሱን ዲ.ኤን.ኤ. ይሰብራል። ውጤቱ የዘር ሕዋስ ቁጥርና እንቅስቃሴ መቀነስ ብቻ አይደለም፤ በሚዋኘው ሕዋስ ላይ ያለው ጽሕፈትም ይለወጣል።

ከአይጥ ወደ ሰው

2010 የለውጥ ዓመት ነበር። በሲድኒ የማርጋሬት ሞሪስ ቡድን ወንድ አይጦችን በስብ የበለጸገ ምግብ አወፈረና ከመደበኛ ሴት አይጦች ጋር አዳቀለ። ሴት ልጆቻቸው መደበኛ ምግብ እየበሉ ሳለ ኢንሱሊን የማመንጨት አቅማቸው ተዳከመ። በዚያው ዓመት የአሜሪካው የኦሊቨር ራንዶ ቡድን በተቃራኒው ፕሮቲን ያነሰው ምግብ ለአባት አይጦች ሰጠ። የልጆቻቸው ጉበት ስብና ኮሌስትሮልን የሚሠሩ ዘረ-መሎች አሠራር ተለወጠ። ሁለቱ ሙከራዎች አብረው ሲነበቡ ረሃብም ውፍረትም በአባት በኩል ምልክት እንደሚተዉ ያመለክታሉ።

ተከታዮቹ ዓመታት መንገዱን አብራሩ። በ2013 በአደሌድ የተደረገ ጥናት የወፈሩ አይጦች የዘር ሕዋስ ጥቃቅን አር.ኤን.ኤ. እንደሚለወጥ፣ ጉዳቱም እስከ ልጅ ልጅ እንደሚዘልቅ አሳየ። በ2016 የቻይና ተመራማሪዎች በስብ ከተመገቡ አይጦች የዘር ሕዋስ የወሰዱትን አር.ኤን.ኤ. በመደበኛ እንቁላል ውስጥ ሲጨምሩ፣ የተወለዱት የስኳር አጠቃቀማቸው የተዛባ ሆነ፤ የራንዶ ቡድን ደግሞ ከእነዚህ አር.ኤን.ኤ.ዎች ብዙዎቹ የሚጫኑት በኤፒዲዲሚስ ውስጥ ሳሉ መሆኑን አረጋገጠ። ለባለሙያው ትልቁ ዜና ግን ከአደሌድ የመጣው ሌላ ጥናት ነው። የወፈሩት አባት አይጦች ከመዳቀላቸው በፊት ምግባቸው ሲስተካከል ወይም እንዲንቀሳቀሱ ሲደረግ፣ የዘር ሕዋሳቸው አር.ኤን.ኤ.ም የሴት ልጆቻቸውም ጤና ወደ መደበኛው ተመለሰ።

በሰው ላይ ያለው ማስረጃ ቀጠን ይላል። በ2013 አዴልሃይድ ሶብሪና ባልደረቦቿ በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና በ79 አዲስ የተወለዱ ሕፃናት የእትብት ደም ላይ ባደረጉት ምርመራ፣ አባታቸው ከመጠን በላይ ወፍራም በሆነ ሕፃናት የአይ.ጂ.ኤፍ.2 ሜቲል ቀንሶ ተገኘ። በ2016 ይኸው ቡድን በወንዶች ዘር ሕዋስ ራሱ ላይ ከክብደት ጋር የተያያዘ የሜቲል ልዩነት አየ። በዚያው ዓመት በኮፐንሃገን የሮማን ባሬስ ቡድን የ13 ቀጫጭንና የ10 ወፋፍራም ወንዶችን ዘር ሕዋስ አነጻጸረ፤ ልዩነቱ በተለይ ከአንጎል ዕድገትና ከምግብ ፍላጎት ጋር በተያያዙ ዘረ-መሎች ላይ ነበር። ቡድኑ ክብደት ለመቀነስ የጨጓራ ቀዶ ሕክምና ያደረጉ 6 ወንዶችንም ተከተለ፤ ሜቲሉ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በአንድ ሳምንት መለወጥ ጀምሮ፣ በዓመቱ ለውጡ ሰፍቶ ተገኘ።

በ2024 የራፋኤሌ ቴፔሪኖ ቡድን ከሙኒክ ያወጣው ጥናት የአይጥ ሙከራን ከላይፕሲግ ቤተሰቦች መዝገብ ጋር አጣመረ። ላይፕሲግ ከላይ እንደተጠቀሰው የጎንደር የሐኪሞች ትምህርት አጋር የነበረች ከተማ ናት። በመዝገቡ የአባት ክብደት ከእናቱ ክብደት ተለይቶ ከልጁ ክብደት ጋር ይያያዛል፤ በአይጦቹም የሁለት ሳምንት የስብ ምግብ ብቻ በበሰለው የዘር ሕዋስ ውስጥ ያለውን የሚቶኮንድሪያ አር.ኤን.ኤ. ለመለወጥ በቃ።

እነዚህ ውጤቶች በጥንቃቄ መነበብ አለባቸው። የሰው ጥናቶቹ ናሙና ትንሽ ነው። አባትና ልጅ ዘረ-መልን ብቻ ሳይሆን ማዕድንም ይጋራሉ። በዘር ሕዋስ ላይ ምልክት መታየቱም ያ ምልክት ልጁን አሳመመው ማለት አይደለም። በአይጥ የተረጋገጠው በሰው “ሊሆን የሚችል” ተብሎ ይነገራል፤ ከዚያ አልፎ መናገር ተገቢ አይሆንም።

ከክፉ ቀን ወደ ቦርጭ

ይህ ሁሉ ለኢትዮጵያ ምን ትርጉም አለው? በ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ ከ15 እስከ 59 ዓመት ካሉ ወንዶች 33 በመቶው ከሲታ ሲሆኑ ከመጠን በላይ ክብደት ያላቸው 3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከሴቶች ደግሞ 22 በመቶው ከሲታ፣ 8 በመቶው ከመጠን በላይ ክብደት ያላቸው ነበሩ። ቁጥሮቹን ያየ ሰው ውፍረት ለዚህ አገር ገና የሩቅ ጉዳይ ነው ሊል ይችላል። ነገር ግን አገራዊው አማካይ የከተማውን ኑሮ ይሸፍናል። ከደጋ ቀበሌ ወጥቶ በአዘዞ ወይም በጎንደር የሚነግድ፣ መኪና የሚነዳ ወይም በቢሮ የሚውል ሰው፣ ልጅነቱን በገብስ እንጀራና በእግር ጉዞ አሳልፎ ጎልማሳነቱን በዘይት፣ በቢራና በመቀመጥ ያሳልፋል።

የባርከርና የሄልስ ሐሳብ የሚያስጠነቅቀው ስለዚህ ሰው ነው። ሰውነቱ ለእጥረት ተዘጋጅቶ ጥጋብ ሲመጣበት በአነስተኛ የክብደት ጭማሪ እንኳ ይታመማል። የአባት በኩሉ ጥናት ደግሞ ሁለተኛ ጥያቄ ይጨምራል፤ ልጅ የሚወልደውም በዚሁ የሽግግር ዕድሜው ነውና። በማኅበረሰባችን ግን ቦርጭ የጤና ምልክት ሆኖ ሲቆጠር ኖሯል። የወፈረ ሰው “ደላው፣ አማረበት” ይባላል፤ የከሳ ሰው ግን ምን ነካው ተብሎ ይጠየቃል። ረሃብን በተደጋጋሚ ላየ ሕዝብ ይህ አመለካከት ምክንያት የሌለው አይደለም፤ የጤና ባለሙያም ሊነቅፈው ሳይሆን ሊረዳው ይገባል።

በምክር ክፍሉ

የዕውቀቱ አደጋም ከዚሁ ጋር መታየት አለበት። በኢትዮጵያ ታሪክ “ዘር” የሚለው ቃል ሕሙማንን ለማግለል ብዙ አገልግሏል። የሥጋ ደዌ በተዋሕስያን የሚመጣ ሆኖ ሳለ “የዘር በሽታ” ተብሎ ሕሙማኑና ልጆቻቸው ከጋብቻ ተከልክለዋል። ኤፒጄኔቲክስ በግድየለሽነት ከተነገረ ለዚህ አሮጌ ፍርድ አዲስ ልብስ ያለብሰዋል። አያቱ በክፉ ቀን የተራበ፣ አባቱ በ1977 ዓ.ም. ድርቅ የተሰደደ ሰው “ዘርህ ተበላሽቷል” ተብሎ ሊነገረው አይገባም። ይህ ሐሰት ነው፤ ጭካኔም ነው። ሳይንሱ የሚለው ተቃራኒውን ነው። ዘረ-መሉ አልተለወጠም፤ በላዩ ያለው ምልክት ግን በኑሮ ይጻፋል፣ በኑሮም ሊታረም ይችላል።

ከዚህ በመነሣት ለዕለት ሥራ የሚጠቅሙ አራት ነጥቦች ይወጣሉ።

አንደኛ፣ ልጅ ስለማጣት የሚደረግ ምርመራ ሁለቱንም ባለትዳሮች በአንድ ጊዜ ማካተት አለበት። ሚስት ብቻዋን ለዓመታት ስትመላለስ፣ ከዚያም በመካንነት ስትፈታ የባል ዘር ፈሳሽ አንድ ቀን እንኳ ሳይመረመር የሚቀርበት አሠራር ሊቆም ይገባል። የዘር ፈሳሽ ምርመራ ቀላል ነው፤ ከፍቺ ይልቅም እጅግ ርካሽ ነው።

ሁለተኛ፣ ከእርግዝና በፊት የሚሰጥ ምክር ባልንም ይጨምር። የወገቡን ዙሪያ፣ የደም ግፊቱንና ስኳሩን መለካት፣ ስለ ሲጋራ፣ ስለ መጠጥና ስለ ጫት መጠየቅ ከሚስቱ ጋር አብሮ ሲመጣ የሚከናወን የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። በቅድመ ወሊድ ክትትል ብቻ መጠበቅ አያዋጣም፤ ያን ጊዜ የአባት ድርሻ ካለቀ ቆይቷልና።

ሦስተኛ፣ የሦስት ወር ምክንያት ይነገር። አንድ የዘር ሕዋስ ተጀምሮ እስኪበስልና ኤፒዲዲሚስን እስኪያልፍ ሦስት ወር ገደማ ይወስዳል። ስለዚህ ልጅ ለመውለድ የሚያስብ ወፍራም ወንድ ከዚያ ቀደም ባሉት ሦስት ወራት በእግር ቢሄድ፣ ዘይትና ስኳር ቢቀንስ፣ መጠጥ ቢተው፣ ጥረቱ ወደሚቀጥለው የዘር ሕዋስ ትውልድ ይደርሳል ተብሎ ሊጠበቅ ይችላል። ይህ ጊዜ አጭርና የሚቆጠር ስለሆነ ሰው ይቀበለዋል። ለራሱ ልብና ለራሱ ስኳር ያለው ጥቅም ደግሞ ምንም የማያጠራጥር ነው፤ ስለዚህ የኤፒጄኔቲክሱ ማስረጃ ወደፊት ቢጠናከርም ቢዳከምም ምክሩ አያሳፍርም።

አራተኛ፣ ከሲታውም አይረሳ። በጎንደር ደጋ ካለው ታሪክ አንጻር፣ የአባት ጤና ማለት ውፍረትን መቀነስ ብቻ አይደለም። የራሱ ምግብ የማይበቃው ገበሬ የሚያስፈልገው የክብደት መቀነስ ምክር አይደለም፤ እህል፣ ባቄላና ወተት፣ እንዲሁም ስኳሩ ከፍ ካለ ሳይቋረጥ የሚደርሰው ኢንሱሊን ነው። ለአንዱ የተጻፈ ምክር ለሌላው ጉዳት ይሆናል። ባለሙያው አስቀድሞ ሚዛንና ሜትር ይጠቀም፤ ከዚያ ይምከር።

ዘር ከልጓም ይስባልን? ከኦቨርካሊክስ መዝገብ፣ ከአደሌድ አይጦችና ከኮፐንሃገን ወንዶች የተሰበሰበው መልስ “አዎን፣ ይስባል፤ ልጓሙ ግን አልተበጠሰም” የሚል ነው። አፄ ፋሲለደስ ከአባታቸው የወረሱትን ዙፋን ይዘው ሌላ መንገድ እንደሄዱ ሁሉ፣ ከአባት የሚወረሰው ጽሕፈትም የመጨረሻ ቃል አይደለም። በጎንደር ከ1954 ጀምሮ ወደ ገጠር የተላከው የጤና ባለሙያ ሥራም ይህንኑ እምነት መሠረት ያደረገ ነበር፤ በሽታን ዕጣ ነው ብሎ አለመቀበል። ዛሬ የሚጨመርበት አንድ ነገር ብቻ ነው። እናቲቱ በምትጠየቅበት ወንበር አጠገብ ለአባቱም ወንበር ይቀመጥለት።